ትዳር ሲፈርስ የጤና መድኑ የማን ነው? ፍቺና ሥር የሰደደ ሕመም በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ አጭር ነው። ባልና ሚስት ሲፋቱ በአንድ ቤተሰብ ስም የተመዘገበው የጤና መድን የማን ይሆናል? ለጤነኛ ሰው ነገሩ የወረቀት ጉዳይ ሊመስል ይችላል። የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የሚጥል ሕመም ላለበትና መድኃኒት ሳያቋርጥ መውሰድ ለሚገባው ሰው ግን የሕይወት ጉዳይ ነው። የኤች አይ ቪና የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቶች በነጻ ይሰጣሉ፤ ቀደም ብዬ የጠቀስኳቸው ሕመሞች ግን ወጪያቸው በሕመምተኛው ወይም በመድኑ ላይ ያርፋል።

ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ። በአማራ ክልል ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና ተሁለደሬ ከቀዳሚዎቹ መካከል ነበሩ። መድኑ የታሰበው መደበኛ ደመወዝ ለሌለው ገበሬና በግሉ ሠርቶ ለሚያድር ሰው ነው። አባል የሚሆነውም ግለሰብ ሳይሆን ቤተሰብ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የታመመው ብቻ ቢመዘገብ ቋቱ ይራቆታል፤ ቤተሰብ በሙሉ ሲገባ ግን ጤነኛው ለታማሚው ያዋጣል። ይህ መልካም ሐሳብ ትዳሩ እስካለ ድረስ ይሠራል። ትዳሩ ሲፈርስ ግን የታመመውን ወገን ሜዳ ላይ ሊጥለው ይችላል።

ነገሩን ወደ ይፋት ቆላ እናውርደው። የሸዋ ሮቢት አካባቢ ገበሬ ማሾና ማሽላ ያመርታል፤ ገንዘብ በእጁ የሚገባው አዝመራው ሲሰበሰብ ነው። የመድኑ ምዝገባና እድሳትም በአብዛኛው ይህንኑ ወቅት ይከተላል። ለምሳሌ ያህል በቀወት ወረዳ የምትኖርና የስኳር ሕመም ያለባት አንዲት ሴት በጥር ወር ከባሏ ጋር ካርዱን አሳደሰች እንበል። በግንቦት ተፋቱ። ካርዱ በአባወራው እጅ ቀረ፤ እርሷም ኤፍራታና ግድም ወደሚገኘው የወላጆቿ ቤት ሄደች። መድኑ የሚደራጀው በወረዳ ነውና ወረዳ መለወጧ ራሱ አንድ እንቅፋት ነው። አዲስ አባል ልሁን ብትል ደግሞ የምዝገባው ወቅት አልፏል፤ ብትመዘገብም የመጠበቂያ ጊዜ ሊኖርባት ይችላል። በዚህ መካከል ሕመሙ ቢከፋና ጣርማ በርን አቋርጣ ወደ ደብረ ብርሃን በሪፈር መሄድ ቢያስፈልጋት፣ ወጪው ከኪሷ ሊሆን ነው።

ሕጉ ምን ይላል? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ባልና ሚስት በጋብቻ አፈጻጸም፣ በጋብቻው ዘመንና በፍቺ ጊዜ እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የክልሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ የተጋቢዎችን የጋራ ሀብት ያውቃል። እንግዲህ የዓመቱ መዋጮ የተከፈለው ከጋራ ጎተራ ከሆነ፣ የቀሪዎቹ ወራት ሽፋንም የሁለቱም ነው ብሎ መከራከር ይቻላል። በሬው፣ ቤቱና እህሉ ሲከፈል ይህ የተከፈለበት መብት ለምን ይዘለላል?

መንግሥት በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ባለመብቶችን ማየት ያቅተዋል እንዳይባል፣ የመሬት ይዞታ ደብተሩን እንመልከት። በአማራ ክልል ደብተሩ የባልንም የሚስትንም ስምና ፎቶግራፍ ይይዛል፤ ሲፋቱም የክፍፍሉ ማስረጃ ይሆናል። በመሬት የተቻለው በጤና መድንም ሊቻል ይገባል። በውጭውም ዓለም ተመሳሳይ መፍትሔ አለ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ ሕግ፣ በትዳር ጓደኛው የሥራ ቦታ መድን ይጠቀም የነበረ ሰው ከፍቺ በኋላ መዋጮውን ራሱ እየከፈለ እስከ 36 ወር እንዲቀጥል ይፈቅዳል። ክፍያው ከባድ ስለሆነ እንዳለ የሚቀዳ አይደለም፤ ፍቺን የመድን ማቋረጫ ሳይሆን መሸጋገሪያ ማድረጉ ግን ትምህርት ይሆነናል።

ከዚህ ተነሥቼ ሦስት ሐሳቦች አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ፍቺው በፍርድ ቤትም ሆነ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ሲወሰን፣ ሽማግሌዎችም ንብረት ሲያካፍሉ፣ የመድኑ ጉዳይ በግልጽ ይጻፍ፤ ሁለቱም እስከ ዓመቱ ፍጻሜ እንዲጠቀሙ ይወሰን። ሁለተኛ፣ ከነባር አባልነት ተከፍሎ የሚወጣ ሰው እንደ አዲስ አባል አይቆጠር፤ የምዝገባ ወቅትና የመጠበቂያ ጊዜ ሳያግደው የራሱን ካርድ ያግኝ፤ ወረዳ ቢለውጥም መብቱ ይከተለው። ሦስተኛ፣ ከፍቺ በኋላ መዋጮ መክፈል የተሳነው ሰው የድሮ ቤቱ ሀብት ሳይሆን የዛሬ አቅሙ ታይቶ፣ መንግሥት ከሚከፍልላቸው አባላት ጋር እንዲመዘገብ ቀበሌው ያመቻች።

የሕግና የኅብረተሰብ ጤና ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ርእስ ስትፈልጉ ወደ ወረዳ ፍርድ ቤቶች ውረዱ። ከፍቺ ውሳኔዎች ውስጥ ስለ ጤና መድን አንዲት መስመር የያዘው ስንቱ እንደሆነ ቁጠሩ። የመፍትሔው ክርክር ከዚያ ቁጥር ሊጀምር ይችላል።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።