ከእንጅባራ ጭቃ እስከ ሚኒያፖሊስ በረዶ፦ የታኬታ ነገር

የቼልሲ ደጋፊ የሆነ ሰው ይህችን መግቢያ ዘሎ ቢያነብ አይከፋኝም። ሜይ 21 ቀን 2008 (እ.ኤ.አ.)፣ ሞስኮ፣ ሉዝኒኪ ስታዲየም። የሻምፒዮንስ ሊጉ ፍጻሜ 1ለ1 አልቆ ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ተሂዷል፤ ዝናቡ ይወርዳል። ጆን ቴሪ አምስተኛውን ምት ካገባ ዋንጫው የቼልሲ ነው። ተንደርድሮ መጣ። የቆመበት ግራ እግሩ ከዳው፣ ኳሷም ቋሚውን መትታ ወጣች። ማንቸስተር ዩናይትድ በመጨረሻ 6ለ5 አሸንፎ ዋንጫውን ይዞ ሄደ።

ያን ሌሊት ከአሜሪካ፣ ከሚኒያፖሊስ ስልክ ተደወለልኝ።

«አየኸው? እግሩ እኮ አይደለም፣ መሬቱ ነው የበላው!»

ደዋዩ የልጅነት ጓደኛዬ ነው፤ እሱ የእንጅባራ ልጅ፣ እኔ የዳንግላ። ለየትምህርት ቤታችን ስንጫወት እሱ የግራ ክንፍ ነበር፣ እኔ ደግሞ እሱን እንድይዝ የተፈረደብኝ ተከላካይ። እንጅባራን በነሐሴ ያያት ሰው ነገሩ ይገባዋል። ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠችው የአዊ ዞን ዋና ከተማ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቧ አያባራም፤ ቀዩ አፈር ውኃ ሲጠጣ ሳሙና ማለት ነው። እኛ ከዳንግላ የምንሄደው ጥርሱ ባለቀ ታኬታ፣ ገሚሶቻችንም በኮንጎ ጫማ ነበር። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ የሁላችንም ቁምጣ ኋላው ይቀላል። እሱ ግን ረጃጅም ጥርስ ያለው ታኬታ ነበረው፤ ጨዋታ በቆመ ቁጥር ጎንበስ ብሎ በእንጨት ስንጥር ጭቃውን ይፍቃል። ስንቴ ጥሎኝ እንዳለፈ እግዜር ይቁጠረው።

በቀሌን የምወጣው በበጋ ዳንግላ ላይ ነበር። መሬቱ ሲደርቅ ያው ረጅም ጥርስ መግቢያ ያጣና ልጁ በእንጨት እግር የሚሄድ ይመስላል። ያው ታኬታ፣ ያው እግር። የተለወጠው መሬቱ ብቻ ነው።

መቼም ይህን ያወቅነው ዕድሜ ልካችንን ታኬታ ስንል ኖረን ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ሳንጠይቅ ነው። ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል ነው፤ እዚያ ግን ስሙ የጫማው ሳይሆን ከሥሩ የተተከሉት ጥርሶች ነው። ሥራቸው ቀላል ነው። የሰውነት ክብደት በጫማው ሶል ሁሉ ላይ ከሚበተን በጥቂት ነጥቦች ላይ ይሰበሰባል፤ ነጥቦቹ ላዩን ለስላሳ ነገር ወግተው ከሥር ያለውን ጠንካራ መሬት ይነክሳሉ። ጭቃ ሲሆን ጥርሱ ረጅምና የተራራቀ መሆን አለበት፤ አጭርና የተጠጋጋ ከሆነ ጭቃው መሃሉን ይሞላውና ታኬታው ሰሌን ጫማ ይሆናል።

ይህን ጀርመኖች በዓለም ዋንጫ ፍጻሜ አሳይተውናል። ጁላይ 4 ቀን 1954 (እ.ኤ.አ.) በስዊዘርላንድ በርን ከተማ የፑሽካሽ ሃንጋሪ በስምንት ደቂቃ ውስጥ 2ለ0 መራች። ያቺ ሃንጋሪ በምድብ ጨዋታ ምዕራብ ጀርመንን 8ለ3 የቀጠቀጠች ናት። ግን ዘነበ። የአዲዳሱ አዲ ዳስለር ለጀርመኖቹ የሠራው ታኬታ ጥርሱ በብሎን የሚፈታና የሚቀየር ስለነበር ለጭቃው ረዘም ያለው ተገጠመ። ጀርመን 3ለ2 አሸነፈች። ዋንጫውን ታኬታው አመጣው ማለት ለሄልሙት ራን ሁለት ጎሎች ግፍ ይሆናል። ቢሆንም የተረከዘ ረጅሙ ቡድን ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር።

ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። ሚኒያፖሊስ በገባ በመጀመሪያው የፈረንጅ ክረምት ወደ ሥራ ሊሄድ አውቶቡስ ሲጠብቅ ወደቀ። ነገሩ ከቋንቋም ይመጣል። እኛ ከሰማይ እየተንኳኳ የሚወርደውንም፣ እንደ ጥጥ የሚበተነውንም፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚረጋውንም ሁሉንም በረዶ እንላለን። የእንጅባራ ልጅ ለመጀመሪያው አዲስ አይደለም፤ ግቢው ነጭ ሲሆን እያየ ነው ያደገው። ጥጥ የመሰለውም ብዙ አላስቸገረውም። የጣለው ሦስተኛው ነው፤ አስፋልት ላይ በስሱ የረጋ፣ ከሥሩ ያለውን መንገድ የሚያሳይ፣ እርጥብ መንገድ ብቻ የሚመስል በረዶ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ቅዝቃዜው ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲሆንና ላዩ ላይ ቀጭን ውኃ ሲኖር ነው። ሲወድቅ እጁን ዘረጋ፤ የእጁ አንጓ ተሰበረ። ስድስት ሳምንት በጀሶ ከረመ። ሥራው ዕቃ ማንሳት ነበርና እሱም ቀረ፤ ለእናቱ በየወሩ ወደ እንጅባራ የሚልከው ብርም አብሮ ቀረ።

«እኔ እኮ በዚያ ጭቃ ላይ አንድ ቀን ወድቄ አላውቅም» እያለ ያለቅስ ነበር። (ውሸቱን ነው፤ ሁለቴ ጥየዋለሁ።)

ጀሶው ከተፈታ በኋላ ነው ነገሩን ያገኘው። ከጫማ በላይ የሚጠለቅ የላስቲክ መረብ ነው፤ ከሥሩ የተጠማዘዘ የብረት ሽቦ ወይም ሰንሰለት ወይም ትናንሽ የብረት ጥርስ አለበት። ሽቦው ለተረገጠ በረዶ ይበቃል፤ እንደ መስታወት ለረጋው ግን ጥርስ ያለው ይሻላል። አፍንጫውን ታስገባለህ፣ ተረከዙን ስበህ ታጠልቃለህ። ላስቲክ በብርድ ስለሚደርቅ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ማጥለቅ ነው። «የጫማ ታኬታ» ብሎ ሰየመው። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ በዊስኮንሲን የተሠራ ጥናት አለ። ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆነ 109 የመውደቅ ታሪክ ያላቸው ሰዎች ተከፍለው ገሚሶቹ ያክትራክስ የተባለውን አጠለቁ፤ ከቤት ውጭ የመውደቃቸው ነገር ካላጠለቁት ጋር ሲነጻጸር ከግማሽ በታች ወረደ።

ግን የዳንግላው በጋ እዚያም ተከትሎታል። በረዶ ላይ የሚነክሰው ብረት የሱቅ ሴራሚክ ላይ ራሱ ያንሸራትታል፤ በር ላይ ሲደርሱ ማውለቅ ግድ ነው። አንድ ቀን ረስቶ ገብቶ ከነዘንቢሉ ተዘርግቷል። አጥልቆም ቢሆን እርምጃው አጭር፣ እግሩ ሙሉውን የሚረግጥ፣ እጁም ከኪስ የወጣ መሆን አለበት። በነገራችን ላይ በረዶ ላይ ኢትዮጵያን የወከለ ሰው አለን፤ ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 በቱሪን፣ በ2010 በቫንኩቨር የክረምት ኦሊምፒክ በበረዶ ሸርተቴ ተወዳድሯል። የሱ ሥራ ግን መንሸራተት ነው፤ የጓደኛዬ ችግር አለመንሸራተት ነው።

ከዚያ ወዲህ አልወደቀም። አልፎ ተርፎም ነሐሴ ላይ አንድ ጥንድ ለእናቱ ላከ፤ እንጅባራ ያደረስኩት እኔ ነኝ። እማማ ፕላስቲኩን ቀደው አገላብጠው አዩት።

«ልጄ ይህን አድርጎ ነው የሚሄደው?»

«አዎ እማማ፣ በረዶ ላይ።»

ጫማቸው ላይ አጠለቅኩላቸውና ከደጃፉ እስከ አጥሩ ሄድን። አሥር እርምጃ አልሞላም፣ ቀዩ ጭቃ ሽቦውን ሁሉ ሞልቶት ከጫማቸው ሥር እንደ ጡብ ተለጠፈ። ክንዴን ይዘው ሳቁ፤ ገብተውም ቦቲያቸውን አደረጉ። የልጃቸውን ዕቃ ግን አልጣሉትም። አጥበው፣ የሟች ባለቤታቸው የፈረስ ልጓም ከተሰቀለበት ምስማር ላይ አብረው ሰቅለውታል።