ሞተር ብስክሌትዎን ከመለወጥዎ በፊት

የሰቆጣ ሰው በቅሎ ሲገዛ ቆመው አይተው ያውቃሉን? ዋጋ ለመጠየቅ አይቸኩልም። መጀመሪያ ከንፈሯን ገልጦ ጥርሷን ያያል። ኮርቻውን አስወርዶ ጀርባዋን በመዳፉ ይዳስሳል፤ ሰኮናዋን አንድ በአንድ ያነሣል። ከዚያ በኋላ ይቀመጥባትና ከገበያው ሜዳ ወጥቶ ድንጋይ የበዛበትን ዳገት ይፈልጋል፤ የወጣውንም መልሶ ይወርዳል። ሲመለስ ወይ ስለ ዋጋው መናገር ይጀምራል፣ ወይም አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ልጓሙን ለባለቤቷ አስረክቦ ይሄዳል።

ይህ ልማድ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ሰቆጣ የዋግሹሞች መቀመጫና የታወቀች የአሞሌ ጨው ገበያ በነበረችበት ዘመን፣ ከአፋር በረሃ የተቆረጠው ጨው ወደ ደጋ የሚወጣው በግመል፣ በአህያና በበቅሎ ጀርባ ነበር። በሜዳ ላይ አሳምሮ የሚሰግር እንስሳ ሁሉ በገደል አፋፍ ላይ እግሩን አያጸናም። ይህን ከገዛ በኋላ በገደሉ ላይ የተረዳ ነጋዴ ጨውንም በቅሎንም በአንድ ቀን ያጣል።

እንግዲህ የዛሬውን ተለዋዋጭ ይመልከቱልኝ። ሁለት ዓመት ከደመወዙ ቆጥቦ የገዛውን ሞተር ብስክሌት በሌላ ሊለውጥ ሲነሣ፣ የባልንጀራውን ሞተር ተቀብሎ በከተማው መንገድ አንድ ጊዜ ወዲያ አንድ ጊዜ ወዲህ ይልበታል። አምስት ደቂቃ ያህል ነፋስ ፊቱን ከዳበሰው በኋላ «ይሄ ነው ሞተር!» ብሎ እጁን ለመጨባበጥ ይዘረጋል። አያቱ ለበቅሎ የሰጡትን ግማሽ ቀን እርሱ ለሞተሩ ነፈገው። በቅሎዋ እኮ ገደል ስታይ በራሷ ትቆማለች።

አንድ የማውቀው ወጣት አለ። ስሙን ባልጠቅሰው ይሻላል፤ ባልንጀሮቹ መጽሔት ያነባሉ። ሥራው የጤና ሥራ ሆኖ፣ በሰቆጣ ዙሪያ ካሉት ቀበሌዎች ከአንዱ ወደ ሌላው እየዞረ ሕፃናት ሲመዘኑ ይከታተላል። በ2007 ዓ.ም. በከተማይቱ ስም የተጠራው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ሲታወጅ፣ ከሁለት ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ የሚደርሰው መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. እንዲጠፋ መንግሥት ቃል ገብቶ እንደ ነበር ያስታውሱ ይሆናል። ቃል ኪዳኑ በወረቀት ላይ ነው፤ ሚዛኑ ግን በዚህ ልጅ ሞተር ኋላ በገመድ የሚታሰር ነው። ሞተሩ ከቆመ ሚዛኑም ይቆማል።

ሞተሩ የራሱ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ቢሆን ኖሮ ስለ መለወጥ ማሰብም ባልተገባው ነበር። አሮጌ የጃፓን ሥራ፣ መቶ ሲሲ የሚሉት፣ ባለ ሁለት ምት ነው። ከአምደ ወርቅ የሚመላለስ አንድ መምህር ደግሞ የሕንድ ሥራ የሆነ፣ አንድ መቶ አምሳ ሲሲ፣ ባለ አራት ምት ሞተር ነበረው፤ ቀለሙ የሚያብረቀርቅ፣ ድምፁም ለስለስ ያለ። መምህሩ ሚስትና ልጅ ስላለው ጭነት የሚችል ሞተር ፈለገ፤ ወጣቱ ደግሞ አዲስ የሚመስል ሞተር ፈለገ። ሞተር በሞተር፣ በላዩ ጥቂት ብር ተጨምሮ እንለዋወጥ ተባባሉ። ልጁ የመምህሩን ሞተር በከተማው ውስጥ ሁለት ቀን ነዳው፤ ልቡም ተሰረቀ።

በቅሎን «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች ይባላል። የሞተር ባለቤትም እንደዚሁ ነው፤ ስለ ፍሪሲዮኑ ሲጠይቁት ስለ ፋብሪካው ስም ያወራልዎታል። ልጁም ስለ ፋብሪካው ብዙ ሰማ፤ ስለ ፍሪሲዮኑ ግን አልጠየቀም።

ያዳነው አንድ አሮጌ መካኒክ ነው።

«ልጄ፣ ሚዛንህን አስረህበታል?» አለው።

«አላሰርኩም፣ ጋሼ።»

«ሰውስ ከኋላ ጭነህበታል?»

«አልጫንኩም።»

«እንግዲያማ ነዳሁት አትበል፤ ተቀመጥኩበት በል።»

የመካኒኩን ነገር ለመረዳት ጥቂት ስለ አየር ማወቅ ያስፈልጋል። ሞተር የሚበላው ቤንዚን ብቻ አይደለም፤ አየርም ይበላል። ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ወደ ሩብ በሚጠጋ ያንሳል። በየ1,000 ሜትሩ ሞተር ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል ብለው ቢይዙ ከእውነቱ አይርቁም። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ 12 የፈረስ ጉልበት አለው የተባለ ሞተር ሰቆጣ ሲደርስ ዘጠኝ ተኩል ያህል ፈረስ ብቻ ይዞ ይገባል፤ የቀሩት በመንገድ ቀርተዋል። ከቆቦ ሜዳ ገዝቶ ዋግ የገባ ሰው «አታለሉኝ» ሲል ሁልጊዜ ተታሎ አይደለም። ካርቡራቶሩም ለቆላ የተስተካከለ ከሆነ በደጋ ላይ ከአየሩ ይልቅ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ምልክቱ ጥቁር ጭስና ጥላሸት የለበሰ ካንዴላ ነው። ካንዴላውን አስፈትቶ ማየት ነውር የለበትም፤ የበቅሎ ጥርስ እንደ ማየት ነው። (በነገራችን ላይ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካቴና የምንላቸው ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ጣልያን ቢወጣም ቃሉ ከጋራዥ አልወጣም።)

ሌላም ነገር አለ። ሞተሩን ልትሞክሩት ስትሄዱ ሞቆ ከጠበቃችሁ ተጠራጠሩ። በብርድ አልነሣም የሚል ሞተር ባለቤቱ አስቀድሞ ካሞቀው እንደ ጨዋ ይነሣል። ባለቤቱ «ገና አሁን ከገበያ መምጣቴ ነው» ይልዎታል። ይሁን፤ ቡና ይጠጡና እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ። ከዚያም ሲያስነሡት ጭሱን ይመልከቱ። ባለ አራት ምቱ ሰማያዊ ጭስ ካወጣ ዘይት እየበላ ነው። ባለ ሁለት ምቱ ግን ዘይትና ቤንዚን አብሮ ስለሚያቃጥል ጥቂት ሰማያዊ ጭስ ጠባዩ ነው፤ በዚህ አይደንግጡ።

ቅዳሜ ጠዋት ልጁና መምህሩ ሁለቱንም ሞተሮች ይዘው ወደ ዝቋላ በሚወስደው መንገድ ወረዱ። የሸዋው ዝቋላ ተራራ አይደለም፤ ወደ ተከዜ ወገን ያለው የዋጉ ወረዳ ነው። ሚዛኑና ሃያ አምስት ኪሎ ዱቄት ታሰረ፤ አንድ የሥራ ጓደኛም ከኋላ ተቀመጠ። ስምምነታቸው ጥሩ ነበር፦ እያንዳንዱ የሌላውን ሞተር ይነዳል፣ ቁልቁለቱ ሲያልቅ ጭነቱ ወደ ሌላው ይዛወራል፣ በሙከራው ላይ ሞተር የጣለ ሰው የሰበረውን ያሠራል። ሁለቱም መንጃ ፈቃድ ነበራቸው። በ799/2005 አዋጅ ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድንም ያልተቃጠለ መሆኑን አይተዋል። ይህን ሳያዩ በሰው ሞተር ላይ የሚወጡ ሰዎች ድፍረታቸው ይገርመኛል።

ገና ሲነሡ መምህሩ ሊወድቅ ነበር። በአንዳንዱ ሞተር ማርሹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ይረገጣል፤ በሌላው አንደኛው ወደ ታች፣ የቀረው ወደ ላይ ነው። በሰው ሞተር ላይ ሲወጡ እግርዎ የለመደው ነገር ጠላትዎ ይሆናል። መምህሩ ማርሽ የጨመረ መስሎት ቀነሰ፤ ሞተሩም እንደ ደነገጠ ፈረስ ተንገጫገጨ። ስለዚህ ከዳገቱና ከቁልቁለቱ አስቀድሞ ሜዳ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል እግርዎን ማስተማር አይክፋዎ። ሜዳ ለሞተሩ ፈተና ባይሆንም ለነጂው ትምህርት ቤት ነው።

በቁልቁለቱ ላይ የሁለቱ ሞተሮች ጠባይ ተለየ። ባለ አራት ምቱ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ሲገባ ሞተሩ ራሱ ጭነቱን ይይዛል፤ ፍሬን የሚነካው አልፎ አልፎ ነው። ባለ ሁለት ምቱ ግን እጀታው ሲዘጋ እንደ ልቡ ይንደረደራል፤ የመያዙ ሥራ ሁሉ በፍሬኑ ሸራ ላይ ይወድቃል። ከዚህም የሚብስ አለ። ባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ወይም በእጀታው አከፋፈት ልክ ነው። ረጅም ቁልቁለት እጀታውን ዘግተው በማርሽ ሲወርዱ፣ ውስጡ በደረቁ ይሽከረከርና ፒስተኑ ሊነክስ ይችላል። በየጊዜው እጀታውን ከፈት እያደረጉ ዘይት ማጠጣት ያስፈልጋል። መምህሩ ይህን አያውቅም ነበር። ልጁ አስቆመውና ነገረው። ይህን ባይነግረው ኖሮ ማንም አይወቅሰውም ነበር፤ እኔ ግን ልጁን የወደድሁት እዚያ ላይ ነው።

ከዚያ መልሰው ወደ ላይ ተነሡ። ጭነቱና ጓደኛው አሁን ባለ አራት ምቱ ላይ ናቸው፤ ነጂው ልጁ። የመጀመሪያውን መታጠፊያ እንደ ምንም ወጣ። በሁለተኛው ላይ እጀታውን ሲሰጠው ሞተሩ ጮኸ፤ ጎማው ግን አልጨመረም። እንደገና ሰጠው፤ ጩኸቱ በረታ፣ ሞተሩ ግን ወደ ፊት ሳይሆን ወደ መቆም ሄደ። የተቃጠለ ነገር ሸተተው። ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው፤ ሸራው አልቋል። በከተማው ሜዳ ሁለት ቀን ሙሉ ያልታየው ጉድለት በዳገቱ ላይ በሩብ ሰዓት ታየ። ጓደኛው ወርዶ በእግሩ ወጣ፤ ዱቄቱንም ተሸከመ።

መምህሩም አፈረ። «እኔ ብቻዬን ስለምነዳው አላየሁትም» አለ። ውሸት ነው ለማለት አልችልም፤ ብቻውን ለሚነዳ ሰው በእርግጥ ላይታየው ይችላል።

አሁን ነገሩ የከበደው በልጁ ላይ ነው። የእርሱም ሞተር አንድ ምስጢር አለው። ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ ሦስተኛው ማርሽ ራሱ ይዘላል። ልጁ ዘዴውን ለምዶታል፤ በእግሩ ጫና አድርጎ ይይዘዋል፣ ወይም ቀድሞ ሁለተኛ ያስገባዋል። መምህሩ ባዶውን ሞተር በሁለተኛ ማርሽ ስለ ወጣ አላወቀበትም፤ እንዲያውም «እንዴት ያለ ብርቱ ነው!» እያለ ያደንቃል። ዳገት መካከል ማርሽ ሲዘል ሞተሩ ጉልበት ያጣና ወደ ኋላ ይንሸራተታል። መምህሩ ደግሞ ልጁን ከኋላ አስቀምጦ ሊሄድበት ነው።

አንባቢ ሆይ፣ እርስዎ በዚህ ልጅ ቦታ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር? የሌላውን ጉድለት አግኝተዋል፤ የእርስዎን ግን ማንም አላገኘውም። ዋጋ ለማስቀነስ ከዚህ የተሻለ ቀን አይገኝም። ሕጉ በዚህ ላይ ምን እንደሚል ቢያውቁ ይጠቅምዎታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልውውጥን ከሽያጭ ጋር አዛምዶ ያየዋል፤ ከሁለቱ ተለዋዋጮች እያንዳንዱ በሚሰጠው ዕቃ ረገድ እንደ ሻጭ ይቆጠራል። ሻጭም ለተደበቀው ጉድለት ዋስ ነው። ገዢው በውሉ ጊዜ ያወቀውን ጉድለት ግን በኋላ ሊያነሣው አይችልም። እንግዲህ በውሉ ላይ «ሦስተኛው ማርሽ ይዘላል» ብሎ የጻፈ ሰው ብልጥ ነው፤ የደበቀው ሰው ግን ዕዳውን ይዞት ይዞራል።

ልጁ ይህን ሕግ አላነበበም። ብቻ ሞተሩን ዳር አቁሞ፣ «አንድ ነገር አለ፣ ጋሼ» ብሎ ነገረው። መምህሩ ጥቂት ዝም አለ። ከዚያ ሳቀ፤ «እንግዲህ ተያይተናል» አለ።

በዚያኑ ዕለት ወረቀቶቹንም አዩ። በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር በብረቱ ላይ ከተቀረጸው ጋር አንድ ነበር። ይህን በችቦም በባትሪም ብሎ፣ ጭቃውን ጠርጎ ማየት ነው። ሞተሩ በእርዳታ ድርጅት በኩል ከቀረጥ ነፃ የገባ እንደሆነም ይጠይቁ፤ ቀረጡ ሳይከፈል ስሙ ወደ እርስዎ አይዞርም። ሊብሬው በጦርነቱ ጊዜ ጠፋ የሚል ባለቤት ቢያጋጥምዎ እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ዋግ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ አሳልፏልና። ነገር ግን ምትክ ወረቀቱን እርሱ ያውጣ፤ እርስዎ በተስፋ ገንዘብ አይስጡ።

ልውውጡ በዚያ ቅዳሜ አልሆነም። መምህሩ የፍሪሲዮኑን ሸራ አስለውጦ፣ ልጁም ካምቢዮውን አስፈትቶ እንደገና እንዲገናኙ ተቀጣጠሩ። መምህሩ ቃሉን ጠብቆ በሦስተኛው ሳምንት መጣ፤ ሞተሩም በዚያው ዳገት ላይ ሁለት ሰውና ሚዛኑን ይዞ ሳያንገራግር ወጣ። ልጁ ግን በዚያ መካከል ሦስተኛው ማርሽ ተሠርቶለት፣ የራሱን ሞተር ሙሉ ሳምንት ነድቶት ነበር። ሊለውጠው አልፈለገም። ይቅርታ ጠይቆ፣ ምሳ ጋብዞ ሸኘው። መምህሩ ለፍሪሲዮኑ ያወጣውን ገንዘብ እስከ ዛሬ ያነሣበታል።