በገላን ኮንዶሚኒየም የስፖርት ቤቶች ስለሚነገረው ጨዋታና ስለ ለከፋ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ወንዶችና ሴቶች አብረው ስፖርት በሚሠሩበት ቦታ የሚሰማውን የማሽኮርመም ጨዋታና የቧልት ንግግር ባጭሩ መግለጽ ነው። ጓደኞቻችን ይህን ስንነግራቸው «ይህም ይጠናል?» ብለው ስቀውብናል። እኛ ግን ሰው የሚያለቅስበት ብቻ ሳይሆን የሚስቅበትም ነገር ጠባዩን ይገልጣል ብለን እናምናለን።

ሀ. ስለ ቦታው

ገላን ኮንዶሚኒየም በአዲስ አበባ ደቡብ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ይገኛል። ገላን የሚለው ስም ከቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች የአንዱ ስም ነው። እንደ ሌሎቹ ኮንዶሚኒየሞች ሁሉ ቤቱ የሚደርሰው በዕጣ ስለ ሆነ፣ በአንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ጎረቤታሞች ከልዩ ልዩ ሠፈር የመጡ ናቸው፤ ተከራዩም ብዙ ነው። በቀድሞው ሠፈር አንድ ጎረምሳ በሴት ልጅ ላይ ክፉ ቃል ቢወረውር፣ «አንተ የእገሊት ልጅ! ለእናትህ እነግርልሃለሁ» የሚል ሽማግሌ ወይም ባልቴት አይጠፋም ነበር። በአዲሱ ሠፈር ግን ጎረምሳው የማን ልጅ እንደ ሆነ የሚያውቅ ጥቂት ነው። ይህ ነገር ለኋላው ስለሚጠቅመን አንባቢ እንዲያስታውሰው እንለምናለን።

ስፖርት በከተማችን ዛሬ የጥቂቶች ነገር አይደለም። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» የተባለው፣ ጐዳናዎች በእሑድ ቀን ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛና ለስፖርት የሚከፈቱበት ልማድ ከተጀመረ ወዲህ፣ እናቶች ስንኳ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው በሙዚቃ ሲንቀሳቀሱ ማየት የተለመደ ሆኗል። በየኮንዶሚኒየሙም ምድር ቤት ስፖርት ቤት ይከፈታል። ሰዎች ወይ ማለዳ ሥራ ሳይገቡ፣ ወይ ማታ ከሥራ ሲመለሱ ይሄዳሉ።

ለ. ስለ ቀድሞው ልማድ

ወንድና ሴት በአደባባይ መቀላለዳቸው አዲስ ነገር አይደለም። ጥር 11 ቀን በሚከበረው በጥምቀት ጎረምሳ ለወደዳት ልጃገረድ ሎሚ ይወረውር ነበር፤ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚባለውም ቀኑ የመታያ ቀን ስለ ሆነ ነው። ልጅቱ ሎሚውን ብታነሣው ፈቃዷን ገለጸች ማለት ነው፤ ትታው ብትሄድም መልሱ ታውቋል። እንደዚሁም በእንካ ሰላንትያ አንዱ ሲሰድብ ሌላው ቤት በሚመታ ቃል ይመልሳል፤ ስድቡ የቱንም ያህል ቢከፋ ተራው ይደርሰዋልና ቂም አይያዝም። በሁለቱም ጨዋታዎች ውስጥ አንድ ሕግ አለ፤ ይኸውም የተነገረበት ሰው የመመለስ ወይም የመተው መብት እንዳለው ነው።

ሐ. ስለ ቃላቱ

የስፖርት ቤቱ ቧልት የሚነገረው በአራዳ ቋንቋ ነው። አራዳ ማለት አስቀድሞ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው የገበያ ሠፈር ነው፤ ገበያው በጣሊያን ወረራ ዘመን ወደ መርካቶ ቢዛወርም፣ ስሙ ንቁና ብልጥ ለሆነ ሰው መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። ተቃራኒው «ፋራ» ይባላል።

ስለ ሴትና ወንድ የሚነገሩት ቃላት በትርጉማቸው ይለያያሉ። «ጀነጀነ» ማለት በጣፈጠ ንግግር አግባባ ማለት ነው። «ጠበሰ» ከወጥ ቤት የተወሰደ ሲሆን፣ ወዳጅ አድርጎ ያዘ ማለት ነው፤ እንዲህ ሲባል ሴቲቱ እንደ ሥጋ መቆጠሯን አብዛኛው ተናጋሪ አያስተውለውም። «ፎገረ» ቀለደ፣ «ሙድ ያዘ» ደግሞ አላገጠ ማለት ነው። «ለከፈ» ግን ከሁሉ ይከፋል። ይህ ቃል ጋኔን ሰውን ሲነካው የሚነገር ነው፤ ስለዚህ ሕዝቡ ለመንገድ ላይ ትንኮሳ ይህን ስም ሲሰጥ ነገሩን በሚገባ መዝኖታል።

መ. በስፖርት ቤት ስለሚሆነው

ያየነውን አንድ ምሳሌ እንናገር። አሠልጣኙ «ዝቅ! አሁንም ዝቅ!» እያለ ሲቆጥር፣ ከኋላ የቆመ አንድ ወጣት፣ «ኮች፣ እነሱ ዝቅ ሲሉ እኛ ቁጥሩ ጠፋን» አለ። ከፊት የነበረች ሴት ዘወር ሳትል፣ «ቁጥር የጠፋህ አንደኛ ክፍል ስለ ደገምህ ነው፤ በእኛ አታመካኝ» ብላ መለሰችለት። ቤቱ በሳቅ ተሞላ፤ ከሁሉ ይልቅ የሳቀውም ወጣቱ ራሱ ነበር። ይህ በእውነት የእንካ ሰላንትያ ልጅ ነው።

ከጥቂት ቀን በኋላ ያንኑ ቃል ሌላ ሰው ለአንዲት አዲስ ገቢ ሴት ተናገረው። እርስዋ አልሳቀችም። ደገመው። ዝም ስትል «ፋራ ናት፣ ጨዋታ አይገባትም» ተባለች። ከዚያ ወዲያ አላየናትም። ቆይተን በሠፈሩ አግኝተን ስንጠይቃት፣ ስፖርት የጀመረችው ሐኪም ስለ ስኳር ሕመሟ አዝዟት መሆኑንና የወሩንም ክፍያ አስቀድማ ከፍላ እንደ ነበር ነገረችን። «ለሳቅ ብዬ አልገባሁም፤ መሳቅ ግን ግዴታ ሆነብኝ» አለችን።

እዚህ ላይ «ፋራ» የሚለው ቃል ምን ሥራ እንደሚሠራ ይገለጣል። ቃሉ መጠሪያ ብቻ አይደለም፤ ጅራፍም ነው። ብዙ ሰዎች የሚስቁት ቧልቱ ስላሳቃቸው ሳይሆን ፋራ እንዳይባሉ ፈርተው ነው። በዚህም ላይ ልብሱ ከገላ የተጣበቀ፣ ትንፋሹም የተቆራረጠ ስለ ሆነ፣ በዚያ ሰዓት ለመልስ የተዘጋጀ አንደበት ያላቸው ጥቂቶች ናቸው። አሠልጣኙ አቋም ለማስተካከል እጁን ሲዘረጋ ደግሞ፣ የሙያው ንክኪ የት ላይ እንደሚያበቃ የሚጠይቅ የለም።

ሠ. ስለ ድንበሩ

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳን ሲከለክል፣ ትንኮሳ በንግግርና በምልክትም ሊፈጸም እንደሚችል ተቀብሏል። ነገር ግን አዋጁ የሚመለከተው አሠሪንና ሠራተኛን ነው፤ ገንዘቧን ከፍላ የምትገባ ደንበኛ በዚህ ጥላ ሥር አትጠለልም። የሠፈር ሽማግሌም በሌለበት ቦታ የሚቀረው ዳኛ አሠልጣኙና አብሮ የሚሠራው ሰው ነው።

ስለዚህ ቧልት ሁሉ ይጥፋ አንልም። ሳቅ የሌለበት ስፖርት ቤት የሚስበው ሰው ጥቂት ነው፤ እንግዶችን ጎረቤት የሚያደርጋቸውም ጨዋታ ነው። የምንለው የቀድሞው ሕግ ይጠበቅ ነው። የተነገረባት ሴት መልስ ከሰጠች ጨዋታው ይቀጥል፤ ዝም ካለች ግን ሎሚው ሳይነሣ ቀርቷልና ወርዋሪው ሁለተኛ አይወርውር። አሠልጣኙም በመጀመሪያው ቀን ይህን ለሁሉ ቢናገር፣ ሲነካም አስቀድሞ ቢያስፈቅድ፣ ያቺ ሴት ሕክምናዋን ባላቋረጠች ነበር።