ዕዳው የሰው ነው ወይስ የቤት?



በመካኒሳ «ቆጣሪ» እየተባለ የሚጠራ ሰፈር እንዳለ ታውቃላችሁ። የታክሲ ረዳት ስሙን እየጠራ ሲያልፍ ማንም ልብ አይለውም። በየቤታችን ግድግዳ ላይ ያለው ቆጣሪ በዝምታ የሚጽፈው ሒሳብ ግን ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ ልብ የሚባል ሆኗል፤ በዚያን ጊዜ ሥራ ላይ የዋለው የኤሌክትሪክ ታሪፍ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ ከፍ እንዲል ተደርጎ የወጣ ነውና። ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን አንድ ጥያቄ እንመረምራለን። አንድ ሰው ቤቱን ኤሌክትሪክ እንዲቆጥብ አድርጎ ለማሻሻል ገንዘብ ቢያጥረው፣ ከተማው ሊያበድረው ይችላልን? ቢያበድረውስ፣ ዕዳው በሰውዬው ላይ ይጻፍ ወይስ በቤቱ ላይ?

አስቀድመን ኤሌክትሪኩ ወዴት እንደሚሄድ እንመልከት። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ቢጋገርበት፣ በወር 75 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበላል። ቦይለር በየቀኑ 80 ሊትር ውሃ ወስዶ ሙቀቱን በ40 ዲግሪ ከፍ ቢያደርግ፣ በወር 110 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል። አምስት አሮጌ አምፖሎች፣ እያንዳንዳቸው 60 ዋት ሆነው በየማታው አምስት ሰዓት ቢበሩ፣ በወር 45 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳሉ፤ በ9 ዋት ኤልኢዲ አምፖሎች ቢተኩ ግን ከ7 አይበልጡም።

አምፖል ለመለወጥ ብድር አያስፈልግም። መንግሥትም በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሚሊዮን የሚቆጠሩ ቆጣቢ አምፖሎችን ለሕዝብ አድሎ ነበር። ችግሩ ያለው ከበድ ባለው ዕቃ ላይ ነው። ለምሳሌ በጣሪያ ላይ የሚቀመጠውን የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ እንውሰድ። የአዲስ አበባ ፀሐይ ለዚህ ሥራ እጅግ የተመቸች ናት፤ ዕቃው ግን ገንዘቡን በአንድ ጊዜ ይጠይቃል፤ ቁጠባው የሚመጣው በየወሩ ጥቂት በጥቂት ነው። በደመወዝ የሚተዳደር ሰው የሚቸገረውም በዚህ ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተወሰዱ መሆናቸው አይዘንጋ። ማሞቂያው ከነማስገጠሚያው 60,000 ብር፣ የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም 6 ብር ነው እንበል። ፀሐይ የቦይለሩን ሥራ በሙሉ ብትተካ እንኳ ቁጠባው በወር 660 ብር ነው። ይኸው 60,000 ብር በ18 በመቶ ወለድ ለአምስት ዓመት ቢበደሩት የወሩ ክፍያ 1,524 ብር ይሆናል። ወለዱ ወደ 7 በመቶ ቢወርድ 1,188 ብር ይሆናል፤ አሁንም ከቁጠባው ይበልጣል። ዘመኑ ወደ አሥር ዓመት ቢረዝም ግን ወደ 697 ብር ይወርድና ከቁጠባው ጋር ይቀራረባል። እንግዲህ ነገሩን የሚወስኑት ሁለት ናቸው፤ የወለዱ ማነስና የዘመኑ መርዘም።

ይሁን እንጂ አሥር ዓመት ረዥም ጊዜ ነው። በዚህ መካከል የመንግሥት ሠራተኛ ወደ ሌላ አገር ሊዛወር፣ ጡረታ ሊወጣ፣ ቤቱንም ሊሸጥ ይችላል። ማሞቂያው ከቤቱ ጋር ሲቀር ዕዳው ሰውዬውን ተከትሎ ቢሄድ ፍትሕ አይሆንም። ይህን ያሰበች አንዲት ከተማ በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ግዛት የምትገኘው በርክሌ ናት። በ2008 እ.ኤ.አ. የቤቱ ባለቤት ለፀሐይ ኃይል ማመንጫ የተበደረውን ገንዘብ እስከ 20 ዓመት ድረስ ከቤት ግብሩ ጋር እየደመረ እንዲከፍል አደረገች። ዕዳው የቤቱ ሆነ፤ ቤቱን የገዛ ሰው ጥቅሙንም ክፍያውንም አብሮ ይረከባል ማለት ነው።

ሐሳቡ ያማረ ቢሆንም እሾህ አለበት። የግብር ዕዳ ከባንክ ዕዳ ቀድሞ የሚከፈል በመሆኑ፣ በ2010 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የቤት ብድር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ተቃወመውና ሥርዓቱ በብዙ ስፍራ ቆመ። በቀጠለባቸው ግዛቶችም የሥራ ተቋራጮች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ አረጋውያንን ከዐቅማቸው በላይ አስፈረሙ፤ መክፈል ያቃተው ሰውም ቤቱን እስከ ማጣት ሊደርስ ቻለ። የተበዳሪው የመክፈል ዐቅም አስቀድሞ እንዲመረመር የሚያዝዘው የፌዴራል ደንብ የወጣው በ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው።

ሌሎች አገሮች ደግሞ በግብር ፈንታ ቆጣሪን መረጡ። ቱኒዚያ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ለሚገዛ ቤተሰብ መንግሥት ከዋጋው ከፊሉን እንዲደጉም፣ ባንክም የቀረውን እንዲያበድር አደረገች፤ ብድሩ በአምስት ዓመት ውስጥ ከመብራት ሒሳብ ጋር ይሰበሰባል። ሥራው ተስፋፋ። እንግሊዝም በ2013 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ነገር ጀመረች፤ ወለዱ ከፍተኛ ነበረና ብድሩን የወሰዱት ቤቶች 14,000 ያህል ብቻ ሆነው በ2015 እ.ኤ.አ. ቆመ። ከሁለቱ የምንማረው፣ ክፍያው በቆጣሪ መጣ በግብር፣ ወለዱ ከከበደ ወይም ድጎማ ከሌለ ሰው እንደማይገባበት ነው።

ወደ ከተማችን ስንመለስ፣ አዲስ አበባ እንዲህ ያለውን ብድር ገና አልዘረጋችም፤ የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ግን ተበታትነው ይገኛሉ። የከተማ ቤት ግብር በ1968 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 80 የተደነገገ ነው፤ በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅን አጽድቋል። በ20/80 የቤት መርሐ ግብርም ከተማው ቤት ሠርቶ፣ ባንክ አበድሮ፣ ነዋሪው በረዥም ዓመታት የሚከፍልበት ልምድ አለ። የጎደለው እነዚህን አገናኝቶ፣ ለቤት ማሻሻያ በአነስተኛ ወለድ የሚያበድር አንድ ክንድ ነው።

በጋራ መኖሪያ ቤት ለምትኖሩ የመካኒሳ ነዋሪዎች አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ አዋጅ ጣሪያን የመሰለውን ክፍል የሁሉም የጋራ ንብረት አድርጎታል። ስለዚህ ማሞቂያ በጣሪያ ላይ ለማቆም የማኅበሩ ስምምነት ያስፈልጋል። ይህ እንቅፋት መስሎ ቢታይም፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ነው፤ ማኅበሩ ሁሉ በአንድነት ቢገዛ በዋጋ ሊከራከር፣ ጠጋኝም በጋራ ሊቀጥር ይችላል።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ብድር አንድ ቀን በራችሁን ቢያንኳኳ፣ ከመፈረም በፊት አራት ጥያቄ ጠይቁ። የወሩ ክፍያ ከወሩ ቁጠባ ይበልጣልን? የብድሩ ዘመን ከዕቃው ዕድሜ ይረዝማልን? ቤቱ ቢሸጥ ቀሪውን የሚከፍለው ማነው? ክፍያው ቢቋረጥ የሚያዘው ምንድን ነው፤ ዕቃው ወይስ ቤቱ? የአራቱም መልስ በጽሑፍ ካልተሰጣችሁ፣ ብዕራችሁን ወደ ኪሳችሁ መልሱ። ከእናንተም መካከል ይህን የመሰለ ደንብ ማርቀቅ በሥራው የሚደርሰው ሰው ቢኖር፣ እነዚሁን አራት መልሶች በረቂቁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ያስቀምጣቸው።