መሬት ሳያርሱ የሚዘሩ ማሽኖች መለዋወጫ አመራረጥ፤ ገዢው ሊያውቃቸው የሚገቡ ነጥቦች

የዘር ወቅት አጭር ነው። በአርሲ የመኸር ስንዴ በአብዛኛው በሰኔና በሐምሌ ይዘራል፤ በባሌ ከፍተኛ ቦታዎች ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ የመዝራት ልማድ አለ። ዝናቡ ገብቶ ማሳው ለዘር በደረሰበት ሰዓት አንድ ኩሽኔታ ተሰብሮ ማሽኑ ለቀናት ቢቆም፣ ጉዳቱ በባለ ማሽኑ ላይ ብቻ አይወሰንም፤ ተራውን የሚጠባበቀው አርሶ አደር ሁሉ የአፈሩ እርጥበት ያመልጠዋል። ስለሆነም የመለዋወጫ ምርጫ ወቅቱ ከመድረሱ በፊት ተጠንቶ ሊከናወን የሚገባው ጉዳይ ነው።

መለዋወጫው ቶሎ የሚያልቀው ለምንድን ነው?

በተደጋጋሚ በታረሰ ማሳ ላይ የሚሠራ መዝሪያ የሚያገኘው የላላ አፈር ነው። መሬት ሳያርስ የሚዘራ ማሽን ግን የከረመ ጠንካራ አፈርና በላዩ የቀረውን ገለባ በአንድ ጊዜ እየቆረጠ ቦይ መክፈት ይኖርበታል። የማረሻ ጫፍ በድንጋያማ ማሳ ላይ እንዴት እንደሚበላ አርሶ አደሩ ያውቀዋል፤ በዚህ ማሽን ላይም ቦይ ከፋቹ ዲስክ ወይም ጥርስ በተመሳሳይ ሁኔታ ይበላል። ከእነዚህ ሌላ ኩሽኔታዎች፣ ጭቃ መጥረጊያዎች፣ የዘር ማውረጃ ቱቦዎችና አፈር መጫኛ ጎማዎች በየጊዜው የሚለወጡ ክፍሎች ናቸው።

መቼ መለወጥ አለበት?

የዲስክ ዕድሜ የሚለካው በስፋቱ ነው። ለምሳሌ አዲስ ሲሆን 381 ሚሊሜትር (15 ኢንች) ስፋት ያለውን ድርብ ዲስክ፣ ወደ 368 ሚሊሜትር (14.5 ኢንች) ሲወርድ መለወጥ የተለመደ መመዘኛ ነው። ለሌሎች ዓይነቶች የማሽኑን መመሪያ መጽሐፍ መከተል ያስፈልጋል።

ድርብ ዲስኮች ከፊት በኩል ጠርዛቸው መነካካት አለበት። ይህን ለማረጋገጥ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ማሽኑን በአስተማማኝ ድጋፍ ላይ ካሳረፉ በኋላ፣ አንድ ወፍራም ወረቀት ከፊት፣ ሌላ ከኋላ በዲስኮቹ መካከል ማስገባት ይቻላል። ወረቀቶቹ ያለ አንዳች መሰናክል ከተገናኙ ዲስኮቹ አይነካኩም ማለት ነው። እንዲህ ያለው ዲስክ ንጹሕ ቦይ አይከፍትም። ገለባውን ከመቁረጥ ይልቅ ወደ ቦዩ ውስጥ ያጥፈዋል፤ ዘሩም አፈር ሳይነካ በገለባ ላይ ያርፋል፤ ብቅለቱም የተዛባ ይሆናል። ጥንድ ዲስኮችን አንዱን ትቶ ሌላውን ብቻ መለወጥ አይመከርም።

ኦሪጅናል፣ ተተኪና ሐሰተኛ

ኦሪጅናል የሚባለው በማሽኑ አምራች ስም የሚቀርብ መለዋወጫ ነው። ተተኪ መለዋወጫ ደግሞ ሌላ አምራች በራሱ ስም ሠርቶ የሚያቀርበው ሲሆን፣ በራሱ ሕገ ወጥ ወይም ጥራት የጎደለው አይደለም፤ እንዲያውም ከኦሪጅናሉ የበለጠ የሚቆይበት ጊዜ አለ። ሐሰተኛ የሚባለው የሌላውን አምራች ምልክት ያለፈቃድ ለጥፎ የሚሸጠው ነው። ይህን ዓይነት ዕቃ ያጋጠመው ሰው ለአካባቢው የንግድ ጽሕፈት ቤት ሊጠቁም ይገባል።

ጥንካሬን እንዴት መመዘን ይቻላል?

ጥሩ ዲስክ የሚሠራው ቦሮን ከተጨመረበትና በሙቀት ከጠነከረ ብረት ነው። በቦይ ከፋች ጥርሶች ጫፍ ላይ የተንግስተን ካርባይድ ቁራጭ ሲገጠም ዕድሜያቸው በእጅጉ ይጨምራል። ሆኖም ካርባይድ ጠንካራ ቢሆንም ተሰባሪ ስለሆነ፣ ድንጋይ በበዛበት ማሳ ላይ ሊሸረፍ ይችላል። ስለዚህ ምርጫው ከማሳው ጋር የተገናዘበ መሆን አለበት። በሙቀት የጠነከረን ዲስክ በብየዳ ለማደስ መሞከር ጥንካሬውን ያሳጣዋል።

በሚገዙበት ጊዜ አሮጌውን ዕቃ ይዞ መሄድ ይጠቅማል። የብረቱን ውፍረት፣ የቡሎን ቀዳዳዎቹን ብዛትና ርቀት፣ እንዲሁም የመሃል ቀዳዳውን ስፋት ማነጻጸር ያስፈልጋል። ኩሽኔታ የሚለየው በላዩ በተጻፈው ቁጥር ነው። ለምሳሌ 6205 የሚል ቁጥር ያለው የውስጥ ስፋቱ 25፣ የውጭ ስፋቱ 52፣ ውፍረቱ 15 ሚሊሜትር ነው። አቧራና ጭቃ እንዳይገባበት በሁለቱም ጎን ክዳን ያለው መሆኑም መታየት አለበት።

ዋጋን በሄክታር ማስላት

ርካሽ መለዋወጫ ሁልጊዜ ወጪ አይቀንስም። ለስሌት ያህል፣ በ4,000 ብር የተገዛ ዲስክ 100 ሄክታር ዘርቶ ቢያልቅ ወጪው በሄክታር 40 ብር ነው። በ6,500 ብር የተገዛው 250 ሄክታር ቢዘራ ግን 26 ብር ብቻ ይሆናል። ይህን ለማወቅ የተገጠመበትን ቀንና የተዘራውን ሄክታር በመዝገብ መያዝ ያስፈልጋል።

ከገዙ በኋላ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ገዢ የተረከበውን ዕቃ በተቻለው ፍጥነት እንዲመረምርና ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይደነግጋል። ማስታወቂያውን ያዘገየ ገዢ በጉድለቱ ምክንያት የሚኖረውን መብት ሊያጣ ይችላል። በሚያዝያ ተገዝቶ እስከ ሰኔ በካርቶኑ የቆየ መለዋወጫ ልኩ ያልገጠመ ሆኖ ቢገኝ፣ የዘር ጊዜውም የገዢው መብትም በአንድነት አደጋ ላይ ይወድቃሉ። በመሆኑም ዕቃው በተገዛ ሰሞን ተከፍቶ መለካትና በማሽኑ ላይ መሞከር፣ የዕቃው ዓይነትና መለያ ቁጥር በዝርዝር የተጻፈበት ደረሰኝም መቀመጥ አለበት። የሻጩ ዋስትና ካለ በጽሑፍ መቀበል ይገባል፤ ጉድለት ሲገኝም ማስታወቂያውን በጽሑፍ ሰጥቶ ቅጂውን መያዝ ይመረጣል።

በማሽን አጠቃቀምና በማሳው ሁኔታ ላይ ምክር የሚፈልጉ አርሶ አደሮች በቀበሌያቸው የሚገኘውን የግብርና ባለሙያ ወይም የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ማነጋገር ይችላሉ።