የቢምቢ ካርታና የበረንዳችን ባልዲ



ኢትዮጵያ ሳለን ክረምቱ ሲወጣ ቆላ ወርዶ ማደር ንዳድ እንደሚያመጣ አባቶቻችን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ካርታ በእጃቸው አልነበረም፤ የትኛው ወንዝ ዳር እንደሚያሳምም ግን በቃላቸው ይዘውት ነበር። ዛሬ ይህንን ሥራ ኮምፒዩተር ያግዛል። ዘዴው የጂኦግራፊ መረጃ ሥርዓት ይባላል።

አሠራሩ በአንድ ካርታ ላይ ሌላውን እየደረቡ ማየት ነው። በመጀመሪያው መንገድና ቤት፣ በሁለተኛው የፍሳሽ መስመር፣ ወንዝና ኩሬ፣ በሦስተኛው ቢምቢ (ያቱሽ) በወጥመድ የተያዘበት ቦታ አለ። የተያዙት ቢምቢዎች በላቦራቶሪ ይመረመራሉ። ቫይረስ ከተገኘባቸው ቦታው ካርታው ላይ ምልክት ይደረግበታል። በአቅራቢያው ያለው የረጋ ውሃ ስለሚታወቅ ኢሪያው ከተማውን ሁሉ ከመርጨት ይልቅ እዚያው እጩን ያጠፋል።

በዚህ መንገድ ከሚፈለጉት በሽታዎች አንዱ የምዕራብ ናይል ትኩሳት (ካዳሃት ሃኒሉስ) ነው። ቢምቢዋ ቫይረሱን ከወፍ ወስዳ ወደ ሰው ታስተላልፋለች። በመነካካት ስለማይተላለፍ የታመመን መጠየቅ አያስፈራም። እ.ኤ.አ. በ2000 በእስራኤል ከ400 በላይ ሰዎች ታመው 35 ሞተዋል፤ አብዛኞቹ ሟቾች አረጋውያን ነበሩ። በ2024ም በሽታው በብዛት ተመልሶ ታይቷል። ቫይረሱ ከገባባቸው 10 ሰዎች 8ቱ ያህል ምንም አይሰማቸውም። ከ100 አንድ በማይሞሉት ላይ ግን አንጎልን ያጠቃል። ለሰው የሚሆን ክትባት የለውም።

ካርታው የማያየው ነገር አለ፤ እሱም በረንዳችን ነው። ቤት ለቤት ስንዞር ውሃ የያዘ ባልዲ፣ የአበባ ማሰሮ ሳህን፣ አሮጌ ጎማ ብዙ ጊዜ እናያለን። በበጋ ሙቀት እንቁላሉ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ቢምቢ ሆኖ ይበራል። ስለዚህ በየሳምንቱ ድፉት።

ከቤታችሁ ውጭ የረጋ ውሃ ወይም የፈሰሰ ፍሳሽ ካያችሁ ወደ 106 ደውሉ፤ የመንገዱን ስምና የቤቱን ቁጥር ንገሩ። ዕብራይስጡ ቢያስቸግራችሁ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ይደውልላችሁ። “ማን ይሰማናል” ብለው ዝም የሚሉ ወላጆች እንዳሉ እናውቃለን፤ ቅሬታ ያልተመዘገበበት ሰፈር ግን ካርታው ላይ ንጹሕ መስሎ ሊታይ ይችላል።

ትኩሳት፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ የአንገት መገተር ወይም መደናገር ካያችሁ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። አዛውንት ድንገት ቃል ቢጠፋቸው ወይም ቤታቸውን ቢስቱ፣ እርጅና ነው ብላችሁ አታሳልፉት።