ተጨማሪ መረጃ፦ ከጨርቅ ሱቅ ወደ ግዛት መሪነት

በሕንድ “ዋና ሚኒስትር” የሚባለው የአንድ ግዛት መንግሥት መሪ ነው፤ በእኛ አገር ከክልል ርዕሰ መስተዳድር ጋር ይቀራረባል። እ.ኤ.አ. በ1954 የማድራስ ግዛት (የኋላዋ ታሚል ናዱ) ዋና ሚኒስትር የሆኑት ኬ. ካማራጅ አባታቸው የሞቱት በልጅነታቸው ነው። ትምህርታቸውን አቋርጠው በአጎታቸው ጨርቅ ሱቅ ሠሩ። ሥልጣን ሲይዙ ተዘግተው የነበሩ የገጠር ትምህርት ቤቶችን አስከፈቱ። ሆዱን የራበው ልጅ ግን ሰሌዳው ላይ የተጻፈው አይታየውም። ስለዚህ በትምህርት ቤት ለድሃ ልጆች ምሳ እንዲቀርብ አደረጉ፤ ከሥራቸው ሁሉ የሚበልጠውም ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ፓርቲያቸውን ለማጠናከር ሥልጣናቸውን በፈቃዳቸው ለቀቁ።

በአካባቢያችሁ ምገባ ያለው ትምህርት ቤት ካለ፣ ምገባው ከተጀመረ ወዲህ የቀሪዎች ቁጥር ቀንሶ እንደሆነ መምህራኑን ጠይቁ።